በፔርሙዝ የመጡ የሰመራ እንግዶች

ማክሰኞ ንጋት፣ አዳማ

ባለቤቴ ሰሎሞን ከቤት ሲወጣ ቁልፍ ይረሳል፣ መነጽር ይረሳል፣ አንዳንዴም እኔን ይረሳል። ቴርሞሜትሩን ግን ረስቶ አያውቅም። ዛሬም ሰማዩ ገና ሳይገላለጥ፣ ጎረቤቶቻችን ተኝተው ሳለ፣ ቴርሞሜትሩን ደረት ኪሱ ውስጥ ሰክቶ አንድ ረጅም የአሉሚኒየም ዘንግ ከመኪናው ጣሪያ ላይ ያስራል። ዘንጉ ጫፉ ላይ ጣሳ አለው። መንገድ ላይ ለሚያገኘን ሰው ሁሉ ይህ ምን እንደሆነ የማስረዳት ዕጣ የደረሰው ለእኔ ነው።

አንባቢዎቼ እንደምታውቁት ሙቀት አልወድም። ከአዳማ የሚብስ ከተማ ሄጄ ሳላማርር የጻፍኩበት ጊዜ የለም። አሁን የምንሄደው ደግሞ አፋር፣ ያውም ውሃ ከመሬት እየፈላ የሚወጣበት ቦታ ነው። በዚያ ውሃ ውስጥ ተመችቷቸው የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታትን ልናመጣ ነው። አርኬያ ይባላሉ። ባክቴሪያ ይመስላሉ፣ ባክቴሪያ ግን አይደሉም። ሰሎሞን ፊት ባክቴሪያ ብሎ የጠራቸው ሰው ቤታችን ሁለተኛ ቡና አይቀዳለትም።

ሰሎሞን ዶክትሬቱን የጀመረው ጸጉሩ ከሸበተ በኋላ ነው። የሚያጠናው የእነዚህን ፍጥረታት ጅራፍ ነው፤ የሚዋኙበትን፣ ከጸጉር እጅግ የቀጠነ ክር። ክሩ ከምን ከምን ፕሮቲን እንደተሠራ ማወቅ ይፈልጋል። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ናሙና አምጥቷል። ሁለቱንም ጊዜ እንደ ማንኛውም የላቦራቶሪ ሰው በበረዶ ሳጥን ጭኖ መጣ፤ ሁለቱንም ጊዜ ፍጥረታቱ ጅራፋቸው ረግፎ መላጣ ሆነው ደረሱ። የትምህርት ፈቃዱ በዚህ ወር ያልቃል። አማካሪው በስልክ፣ አሁንም ባዶ እጁን ከተመለሰ ይህን ትቶ በእርጎ ባክቴሪያ ላይ ጽፎ እንዲመረቅ ነግሮታል። ሰሎሞን እርጎ ነፍሱ ነው። የዚያን ቀን ግን የቀረበለትን ሳይነካ ከማዕድ ተነሣ። ስለዚህ በዚህ ጉዞ የበረዶ ሳጥን የለም። በእቅፉ የያዘው አዲስ አረንጓዴ ፔርሙዝ ነው።

ሹፌራችን ሁመድ ይባላል። ኑሮው ሰመራ የሆነ አፋር ነው፤ ትናንት ሰው አድርሶ ባዶውን ከሚመለስ እኛን ጫነ። ዘንጉን አየው፣ ፔርሙዙን አየው፣ እኔን አየኝ። ሞተሩን አስነሣና «ቢስሚላህ» አለ፤ ወጣን።

ማክሰኞ ረፋድ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ

መተሃራ ላይ ጥቁሩን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሰንጥቀን አዋሽ ሰባት ኪሎ ስንደርስ ፀሐይዋ ሥራ ገብታለች። ከተማው ከገደሉ አናት ላይ ተቀምጧል፤ ከታች ወንዙ ቡናማ ሆኖ ይጠማዘዛል። የድሮው ባቡር ጣቢያ፣ ጥላቸው የሰፋ ዛፎች፣ ቀለሙ የለቀቀ አግዳሚ። በአስፋልቱ ግራና ቀኝ ወደ ጅቡቲ የሚወርዱና ከጅቡቲ የሚወጡ ተሳቢዎች ተደርድረዋል፤ ከሥራቸው የሚተኛ ሹፌር፣ ከላያቸው ሸራ የሚያጠብቅ ረዳት። ቁርስ ቤቱ በር ላይ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ የታሸገ ውሃ ይሸጣል። ፉል በቃሪያ፣ ትኩስ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል አዘዝን። ዋጋው ከአዳማ አይብስም፤ ዝንቡ ይብሳል።

በዚህ አካባቢ ፓርኩ ውስጥ ፍልውሃ እንዳለ ስለማውቅ፣ እስከ ሰመራ ከምንቃጠል ለምን ከዚያ አንቀዳም ስል ሐሳብ አቀረብኩ። ሰሎሞን አዘነልኝ። ያ ውሃ ሰው ገብቶ የሚታጠብበት ነው፤ ለእሱ ወዳጆች ብርድ ነው።

እንቁላሌን እየላጥኩ አንድ ነገር መጣብኝ። «ሶል፣ እንቁላል በፈላ ውሃ ውስጥ ይጠነክራል። እንቁላል ደግሞ ፕሮቲን ነው። የእነሱ ጅራፍ ለምን አይቀቀልም?»

ዳቦውን አስቀመጠ። ትዳር ውስጥ ሰው ደስ ሲለው ከሩቅ ያስታውቃል። «እኔም የምጠይቀው እሱን ነው» አለ።

ከዚያ በኋላ ፉሉ ቀዘቀዘ። የባክቴሪያ ጅራፍ ውስጡ ክፍት ነው አለኝ፤ አዲሱ ፕሮቲን በውስጡ አልፎ ከጫፉ ላይ ይቀጠላል። የአርኬያ ግን ልክ እንደ ጸጉር ከሥሩ ነው የሚያድገው። ሥራው አንድ ዓይነት፣ ዝምድናው ሌላ። ክሩ ላዩ ላይ ስኳር የለበሱ፣ እርስ በርስ ተጣጥፈው የተያያዙ ጥቃቅን ፕሮቲኖች ድርድር ነው። አንድ ዓይነት ብቻም አይደሉም፤ በአንዳንዶቹ ሥሩ አካባቢ ያለው ከሌላው ይለያል። የእሱ ፍጥረታት ጅራፍ ከየትኛው ስንት እንደያዘ ግን የሚያውቅ የለም። ይህን ለማወቅ ጅራፉ ከነሥሩ መገኘት አለበት፤ ከነሥሩ መኖሩ የሚታወቀው ደግሞ ባለቤቱ ሲዋኝ ነው። የሚዋኘው ሲሞቀው ብቻ ነው። መንገድ ላይ ከበረደውና ከተንገጫገጨ ክሩ ይበጠሳል።

ሁመድ ሻዩን እየጠጣ ሲያዳምጥ ቆይቶ፣ ስለዚህ ስንመለስ ቀስ ብዬ ልንዳ ማለት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ሰሎሞን ሊስመው ምንም አልቀረው።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ሰመራ

ከአዋሽ አርባ በኋላ መንገዱ ቀጥ ይላል። ግመል፣ አቧራ፣ ጥላ የሌለው ሜዳ፤ ገዋኔ ላይ ሐብሐብ፣ ሚሌ ላይ የተሳቢ ሰልፍ። ሎጊያ እንደ ትልቅ ሱቅ ናት፤ ብርድ ልብስ፣ ሽቶ፣ የፕላስቲክ ምንጣፍ፣ ከጅቡቲ የመጣ ነገር ሁሉ በረንዳ ላይ ተዘርግቷል። እሷን ጥቂት አልፎ ሰመራ ይመጣል፤ ሰፊ መንገድ፣ ትልልቅ የመንግሥት ቢሮዎች፣ በመካከላቸው ባዶ መሬትና ነፋስ። ነፋሱ የሚያቀዘቅዝ እንዳይመስላችሁ። ከምድጃ በር የሚወጣ ነው የሚመስለው።

ያረፍነው ከመንገዱ ዳር፣ እትዬ የሺ ቤት ነው። እትዬ የሺ በወጣትነታቸው ከወልዲያ በኩል መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ፊታቸው ክብ፣ ቁጣቸው ፈጣን፣ ሳቃቸው ከቁጣቸው የሚቀድም ሴት ናቸው። ከፊት ምግብ ቤት፣ ከኋላ ጥቂት መኝታ ክፍሎች አሏቸው። እንግዳቸው ሹፌር ነው።

ማድ ቤቱ በር አጠገብ ከከሰል ምድጃው ጎን አንድ የእንጨት ጠረጴዛ አለ። ማታ ማታ ሹፌሮቹ ፔርሙዛቸውን እዚያ ያስቀምጣሉ፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አበባ የተሳለበት። ማንም ምንም አይልም። ጎህ ሲቀድ ሁሉም ታጥቦ፣ ቅመም ያለው ትኩስ ሻይ ተሞልቶ ይጠብቃል። ማን የማን እንደሆነ እትዬ የሺ በቀለሙ ያውቁታል። ገንዘብ አይቀበሉበትም። ለምን እንደሚያደርጉት ስጠይቃቸው፣ ወደ ጅቡቲ ያለው መንገድ እንቅልፍ ያመጣል አሉኝ፤ ደጃቸው በልቶ የሄደ ሹፌር መንገድ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ቀረ ሲባል መስማት አይፈልጉም።

ረቡዕ፣ ፍል ውሃው

ከሎጊያ ወጣ ብለን፣ ሁመድ ብቻ በሚያውቀው የመኪና ዱካ ሄድን። መሬቱ ነጭ ቅርፊት አለው፤ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። ቦታው የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ጉድጓዶቹ ውስጥ ውሃው ይንተከተካል፣ ይዘላል፣ ይተፋል። እኔ ጥላዬን ዘርግቼ ከሩቅ ቆምኩ። ሰሎሞን ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቷል።

ግን ወዲያው መቅዳት የለም። ፍየሎቻቸውን ይዘው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩና ሁመድ ሰላምታ ሰጥቶ ተቀመጠ፤ ዳጉ ተጀመረ። አፋር ከአፋር ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ሳይለዋወጥ ወደ ሌላ ጉዳይ አይሄድም። ከየት እንደመጣን፣ የት እንዳደርን፣ መንገዱ ምን እንደሚመስል፣ ሁሉም ተነገረ። ሰሎሞን ቴርሞሜትሩን እያገላበጠ ጠበቀ። በመጨረሻ ሽማግሌው ዘንጉን አመለከቱ፤ ሁመድ በአፋርኛ ረጅም ነገር ተናገረ፤ ሽማግሌው ወደ ሰሎሞን ዞረው አዩትና አንድ ጥያቄ ጠየቁ።

«በዚህ ውሃ ውስጥ ነፍስ ካለ፣ ይዘኸው ስትሄድ አይሞትም ወይ ይላሉ» አለን ሁመድ።

ሰሎሞን ፔርሙዙን ከፍ አድርጎ አሳያቸው። ሽማግሌው በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከዚያ ዘንጉ ተዘረጋ። ጣሳው ገባ፣ ወጣ። ሰሎሞን ውሃውን በፔርሙዙ ጎን እያንሸራተተ፣ አረፋ እንዳይፈጥር ትንፋሹን ይዞ ቀዳ፤ አየር እንዳይገባ እስከ አፉ ድረስ ሞልቶ ከደነው። የመጀመሪያ ልጃችንን ሲያቅፍ እንኳ እንዲህ አልተጠነቀቀም።

አመሻሹ ላይ ክፍላችን ስንገባ የአየር ማቀዝቀዣውን ከፈትኩና ከፊቱ ቆምኩ። ሰሎሞን ፔርሙዙን አቅፎ ከበሩ አላልፍም አለ። ይበርዳቸዋል አለኝ። ወይ እኔ ወይ እነሱ ስለው ትንሽ አሰበ። ማሰቡን ይቅር የምለው አይመስለኝም። በመጨረሻ እኔን ላለማስቀየም፣ እነሱንም ላለማስበረድ፣ በግቢው ውስጥ ሞቃት ቦታ ፈልጎ ወጣ። ሲመለስ እጁ ባዶ ነበር፤ ፊቱ ላይ እርካታ ነበረ።

ያስቀመጠው ማድ ቤቱ በር ላይ፣ ከከሰል ምድጃው ጎን፣ ጠረጴዛው ላይ ነው።

ሐሙስ ንጋት፣ ሰመራ

ተሳቢዎቹ ሞተር ሲያስነሡ ነቃን። ሹፌሮቹ ጠረጴዛው ላይ ፔርሙዛቸውን እያነሡ፣ እትዬ የሺን እየመረቁ ይወጣሉ። አረንጓዴው ፔርሙዝ ከሌሎቹ ይልቅ ተወልውሎ ያብረቀርቃል። ሰሎሞን ቀርቦ ነካው። ከዚያ ክዳኑን ፈታው። የቅርንፉድና የዝንጅብል ሽታ ወጣ።

እኔ መጀመሪያ አልገባኝም። የገባኝ ጥቂት ክዳኑ ላይ ሲቀዳ ነው። ቀይ ሻይ ነበር።

እትዬ የሺ ከማድ ቤት እጃቸውን እየጠረጉ ወጡ። «የእናንተው ውሃ ተበላሽቶ ነበር» አሉ። «ሸተተኝ፤ መንገድ ላይ እንዳያማችሁ ብዬ ደፍቼ ሁለት ጊዜ አጠብኩት።»

ሰሎሞን ምንም አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ። የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ውሃው ምን እንደነበረ፣ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ምን እንደሆነ፣ ፈቃዱ መቼ እንደሚያልቅ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። እትዬ የሺ ክው አሉ። በፎጣቸው አፋቸውን ያዙ። «እኔን አፈር ያስበላኝ! የሰው ልፋት ነው የደፋሁት?» አሉ።

ሁመድ መኪናውን ከመቼው አዞረው። ሰሎሞን ግን ከአግዳሚው አልተነሣም። ችግሩ መመለሱ አይደለም አለ፤ ፔርሙዙ ነው። ሻይ ውስጥ ቆዳ የሚያለፋ ዓይነት ነገር አለ፤ ፕሮቲንን ይዞ ያጣብቃል። አንድ ጊዜ ሻይ የገባበት ዕቃ ውስጥ የእነሱን ጅራፍ ለመጨመር ልቡ አይደፍርም። በሰመራ ደግሞ ሻይ ያልገባበት ፔርሙዝ ከየት ይመጣል?

እትዬ የሺ ሽርጣቸውን ፈቱ። ምግብ ቤቱ ውስጥ ቁርስ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ፤ ወጡና ዛሬ ቁርስ የለም፣ ሌላ ቤት ሂዱ አሏቸው። ይህን ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም ብሎ ሁመድ በኋላ ነገረኝ። በሩን ቆለፉ፣ ነጠላቸውን ለበሱ፣ መኪናው ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። «ሎጊያ ሱቅ ይከፈታል። እኔ የደፋሁትን እኔ ሳልሞላ አልገባም» አሉ።

ሎጊያ ላይ አንዱን ባለሱቅ ከቁርሱ አስነሥተው፣ ከነካርቶኑ ያለ ፔርሙዝ አስወጡት። ሂሳቡን ልክፈል ስል እጄን መቱኝ።

ፍል ውሃው ጋ ስንደርስ ሽማግሌው ቆመው ይጠብቁናል። ሁመድ ሊቀመጥ ሲል በእጃቸው ከለከሉትና ሳቅ እያሉ አንድ ነገር ተናገሩ። «ሰምተዋል» አለን ሁመድ። «ሻይ ሆኑ አሉ፣ ይላሉ።» ማን እንደነገራቸው አላውቅም። እኛ በመኪና መጥተናል፤ ወሬው ግን ቀድሞናል። ሰሎሞን ከጠዋቱ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ እኔም ስቄ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

እትዬ የሺ ስንት ዓመት ሰመራ ኖረው ይህን ቦታ አይተውት አያውቁም። ከሚተፋው ጉድጓድ ፊት አማትበው ቆሙ። አዲሱን ፔርሙዝ በፍል ውሃው ደጋግሞ እየሞላና እየደፋ ያጠበው ሰሎሞን ነው፤ እርሳቸው ግን ክዳኑን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው፣ መሬት እንዳይነካ ከአጠገቡ ንቅንቅ አላሉም። ተሞልቶ ሲከደን «ይሄው ነው?» አሉ ቀስ ብለው። «ምንም እኮ አይታይም።»

«አይታይም» አላቸው ሰሎሞን። «ግን ሞልተዋል።»

ስንመለስ እትዬ የሺን በራቸው ላይ አወረድናቸው። ፍጥረታቱ ሲዋኙ ካየ እንዲደውልላቸው፣ ካልዋኙም እንዲደውልላቸው ሰሎሞንን አስማሉት።

ሐሙስ፣ መንገድ ላይ

ሁመድ ቃሉን ጠበቀ። ጉድጓድ ባየ ቁጥር መኪናውን ከመንገዱ ዳር ያስጠጋና በቀስታ ያልፋል። ከኋላ ተሳቢዎች ጥሩምባ ይነፋሉ፤ አንዱ ሲያልፈን በመስኮት ምን ታቦት ነው የጫናችሁት አለን። ሁመድ እጁን አውለብልቦ ሸኘው።

ፔርሙዙን በጋቢ ጠቅልለን በተራ ታቀፍነው። በዚያ ሙቀት ጋቢና ፔርሙዝ ጭን ላይ ይዞ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት አልሞክርም። ገዋኔን ስናልፍ ሰሎሞን እንቅልፍ ጥሎት ጭንቅላቱ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ላብ ላብ ይላል፣ ፍል ውሃውን ፍል ውሃውን ይሸታል። ብዙ ሰው በዚህ ዕድሜው የሚፈልገው ቤትና ዕረፍት ነው። እሱ የሚፈልገው ማንም የማያየው ክር ከምን እንደተሠራ ማወቅ ነው። እወደዋለሁ። ይህን በጋዜጣ መጻፌን ሲያይ ያፍርብኛል፤ ግን እወደዋለሁ።

አዋሽ ሰባት ኪሎ አደርን። የሆቴሉ ሰዎች በባልዲ የፈላ ውሃ አምጡልን ስንላቸው ለእግር መታጠቢያ መስሏቸው ጨው ጨምረው አመጡ። ፔርሙዙን ከነጋቢው ባልዲው ላይ አስቀመጥነው።

ዓርብ፣ አዳማ

ጠዋት ከአዋሽ ልንነሣ ስንል ሁመድ ፊቱ ጠቁሮ መጣ። ከሰመራ ሹፌር ጓደኞቹ ደውለውለት ነበር። እትዬ የሺ ትናንት ማታ ጠረጴዛውን ከማድ ቤቱ በር አንሥተው ወደ ጓዳ አስገብተውታል። ፔርሙዝ ይዞ የመጣውን ሁሉ፣ የሰው ዕቃ አልነካም፣ ውስጡ ምን እንዳለ በምን አውቃለሁ ብለው መልሰውታል። ሹፌሮቹ ያለ ሻይ ወጡ። ሰሎሞን ይህን ሲሰማ ስልኩን አወጣና፣ ገና የሚነግራቸው ስለሌለው መልሶ ኪሱ ከተተው። እኔም እስከዚያች ሰዓት የፈራሁት ለእሱ ብቻ ነበር።

ሰሎሞን የሚሠራበት ኮሌጅ ላቦራቶሪ ስንደርስ ሁመድም አልሄድም ብሎ ተከተለን። ማይክሮስኮፑ ሥር፣ ሰሎሞን በገዛ እጁ የሠራው፣ መስታወቱን የሚያሞቅ ትንሽ ብረት አለ። እሱ እስኪግል ጠበቅን። አንዲት ጠብታ አኖረ። ዓይኑን አስጠጋ። ማስተካከያውን አዞረ፣ መለሰ፣ አዞረ። ብዙ ቆየ። እኔ የማየው ጀርባውን ነው፤ ከጀርባው ምንም ማንበብ አልቻልኩም።

ከዚያ ከወንበሩ ተነሥቶ እኔን አስቀመጠኝ። መጀመሪያ ያየሁት የራሴን ሽፋሽፍት ነው። ቀጥሎ በብርሃኑ ውስጥ ጥቃቅን ነጠብጣቦች፤ አንዱ ሽው ብሎ አለፈ፣ ሌላው ዞሮ ተመለሰ፣ ሌላው ቀጥ ብሎ እንደ ችኩል ሰው ከዓይኔ ወጣ። ጅራፋቸው በዚህ ማይክሮስኮፕ አይታይም፤ ግን ያለ ጅራፍ እንዲህ የሚሄድ የለም። ፕሮቲኑን ነጥሎ ከምን ከምን እንደተሠራ ለማወቅ ገና ብዙ ሥራ አለበት። እርጎው ግን ቀርቷል። ዞሬ ሳየው ሰሎሞን መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን በሸሚዙ እጅጌ ይጠርጋል። ሁመድም ጎንበስ ብሎ ተመለከተና «ማሻአላህ» አለ፤ ከዚያ ለሁለተኛ ጊዜ ጎንበስ አለ።

ሰሎሞን እጁን እንኳ ሳይታጠብ ስልኩን አወጣና ሁላችንም እንድንሰማው ድምፁን ከፍ አደረገው። እትዬ የሺ ሃሎ አላሉም።

«ነፍስ አላቸው?» አሉ።

«ይዋኛሉ፣ እትዬ የሺ።»

ከወዲያ የሳህን ኳኳታና የሰው ጫጫታ ይሰማል፤ የምሳ ሰዓት ነው። ከዚያ እትዬ የሺ አፍንጫቸውን ሲጠርጉ ሰማን፤ ቀጥሎም ከስልኩ ራቅ ብለው አንዱን ሹፌር ሲጠሩ።

«ና አንተ ወዲህ፤ ያን ፔርሙዝህን ከመኪናው አምጣው።»